ዝም ያለችው አልቃሽ

አንዲት አልቃሽ ነበረች።

አልቃሽ ስልሽ መቼም ታውቂያለሽ፤ ሰው ሲሞት ለቅሶው መሀል ቆማ ሙሾ የምታወርድ፣ እሷ ግጥሙን ስታወጣ ሌላው እየተቀበለ የሚያለቅስላት ሴት ናት። በዚያ አገር ከእሷ የተሻለ አልነበረም።

ማስተዋል ልጄ፣ የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። ለሸማኔዎቹ ማኅበር ጥለት መንደፍ ከጀመርሽ ሦስት ዓመት ሆነሽ። ከፋሲካ ወዲህ አንድ ቀን እንኳ አላረፍሽም፤ አሁን ደግሞ የምትነድፊው ሁሉ ያው የአምናው እየሆነ አስቸገረሽ። «ጋሼ፣ ሐሳብ ሲነጥፍ ጨክኖ መሥራት ነው የሚሻለው ወይስ ትቶ መሄድ? ትቼ ብሄድስ ስንፍና አይሆንብኝም?» አልሽኝ። እንግዲህ ይህችን ሴት ምን እንዳገኛት ልንገርሽ።

ሴትዮዋ ሙሾ የጀመረችው አባቷ የሞተ ዕለት ነው። ማንም አላስተማራትም። አስከሬኑ ከቤት ሲወጣ አንድ ነገር ከአፏ ወጣ፤ ለቀብር የመጣው ሕዝብ ተቀበላት። ከዚያ ወዲያ በየቀዬው ሰው በሞተ ቁጥር ይጠሯት ጀመር።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ልማዷ እንዲህ ነበር። ለቅሶ ቤት ትደርስና ከሴቶቹ መሀል ገብታ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ስለ ሟቹ የሚወራውን ታዳምጣለች፤ እንዴት ይስቅ እንደነበር፣ ምን ሲበላ ደስ ይለው እንደነበር፣ ከማን ጋር ተጣልቶ ሳይታረቅ እንደሞተ። ጠላቱም ወዳጁም ሲናገር ትሰማለች። ከዚያ ተነሥታ ስታወርድ፣ ሟቹ ራሱ እዚያ የቆመ ነበር የሚመስለው። ሐዘንተኛው አልቅሶ ወጥቶለት ወደ ቤቱ ይገባል።

ስሟ ሲገን ግን የመቀመጫ ጊዜ አጣች። አንዳንድ ቀን ጠዋት አንድ ቀዬ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላ ቀዬ ሆነ። ስለዚህ አራት ጥያቄዎች አበጀች። ለቅሶው ቤት ስትደርስ አንዱን ዘመድ ወደ ጎን ትጠራና፣ «አባቱ ማን ይባላል? በሬዎቹስ ስማቸው ማን ነው? ጠመንጃ ነበረው? ስንት ልጅ ትቶ ሞተ?» ትለዋለች። የሰጧትን ስም ድሮ ባወጣቻቸው ግጥሞች ውስጥ እየሰካች ታወርዳለች። ግጥሞቹ መጥፎ አልነበሩም። ማንም አላወቀባትም። ልቡ የተሰበረ ሰው ግጥም አይመረምርም።

ጎረቤቷ አንድ ቀን፣ «ምነው አንድ ሳምንት እንኳ ቤትሽ ብትውዪ? ድምፅሽ እኮ ሻከረ፤ ፊትሽም ገረጣ» አለቻት።

«እኔ ብቀር ማን ያለቅስላቸዋል?» አለች አልቃሿ።

ይህን ያለችው ከልቧ ነው። እህሉንም ጨርቁንም ይሰጧታል፤ እሷ ግን ለዚያ ብላ አልነበረም። ደጇ ላይ ሰው ቆሞ ዓይኑ እንባ ሲሞላ እምቢ ማለት አትችልም። ደግሞም እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔ ከሌለሁ ነገሩ አይሆንም ብላ ታምን ነበር። ብዙ ደግ ሰው በዚህ ይሳሳታል።

ከዚያ የንዳድ ዓመት መጣ። በሽታው ከቆላ ተነሥቶ ወንዝ ለወንዝ እየወጣ ብዙ ሰው ጨረሰ። አልቃሿ በአንድ ሳምንት ውስጥ ስድስት ለቅሶ፣ ሰባት ለቅሶ ዋለች። ጫማዋ አለቀ፤ ጉሮሮዋ ቆሰለ። አራቱን ጥያቄዎች እንኳ መጠየቅ እየተወች ሄደች። የሟቹን ስም ብቻ ይነግሯታል፤ የቀረውን አፏ በልማድ ይሠራዋል።

በዚያው ሰሞን፣ ነሐሴ ላይ፣ አንድ ዋናተኛ ሞተ። ይህ ሰው የአንድ ትልቅ ወንዝ መሻገሪያ አጠገብ የሚኖር ነበር። በዚያን ጊዜ ድልድይ የለም። ክረምት ወንዙ ሲሞላ ሰው የሚሻገረው በእሱ ነው። ነጋዴውን፣ ካህኑን፣ ሙሽራይቱን፣ የታመመውን እጅ እጃቸውን ይዞ፣ ሕፃኑን አንገቱ ላይ አድርጎ ውሃውን እየሰነጠቀ ያሻግራል። ሃያ ክረምት ሠርቶ በእጁ ላይ ሳለ አንድ ሰው አልጠፋበትም። ወንዙም አልገደለው፤ የገደለው ንዳዱ ነው። መሬት የለውም፤ ከብትም የለውም። የነበሩት ሚስቱ፣ ሁለት ሴት ልጆቹና ያሻገረው ሰው ሁሉ ነበሩ።

አልቃሿ ከሌላ ለቅሶ በቀጥታ ነው የመጣችው። ደክሟታል። ለቅሶው መሀል ገባች፣ ነጠላዋን አሸረጠች፣ አፏን ከፈተች፤

«በሬዎቹ ቆሙ፣ ማሳው ጦም አደረ፤
ቀንበሩን አውርዶ ጌታው ተቀበረ።»

የሚቀበላት ጠፋ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከኋላ አንድ ሰው ሊስቅ ሲል ሳል አስመሰለው። አልቃሿ ያልተሰማ መስሏት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችው።

ያን ጊዜ መበለቷ ከተቀመጠችበት ቀና አለች። ዓይኖቿ አብጠው ነበር፤ ድምፅዋ ግን ቀስ ያለ ነው።

«የኔ ባል በሬ ኖሮት አያውቅም» አለች። «የማንን ባል ነው የምታለቅሺው?»

አልቃሿ ሌላ ግጥም ፈለገች፤ ሲመጣላት ስለ ጠመንጃ ነው። ሌላ ፈለገች፤ ስለ በቅሎ ሆነ። ያ ሁሉ ሕዝብ እያያት ውስጧን ብትበረብር አንድም አዲስ ቃል የለም። ነጠላዋን ሰብስባ ከለቅሶው ወጣች። መበለቷ ያለ ሙሾ ባሏን ቀበረች።

በማግስቱ ሌላ ሰው ሊጠራት መጣ። «አሞኛል» ብላ መለሰችው። ውሸት አልነበረም። ከዚያ ቤቷን ዘግታ፣ ለጎረቤቷ ቁልፉን ሰጥታ፣ ታላቅ እህቷ ወዳገባችበት ወደ ቆላው አገር ወረደች። የአንድ ቀን ተኩል መንገድ ነው። እዚያ አልቃሽ መሆኗን የሚያውቅ ከእህቷ ቤተ ሰብ ሌላ የለም።

እህቷ ስታያት ደነገጠች። «ማን ሞተ?» አለቻት።

«ማንም አልሞተም። እኔው ነኝ ባዶ የሆንኩት።» የሆነውን ሁሉ ነገረቻት። «ጥቂት ቀን ልቀመጥና አዳዲስ ግጥም አውጥቼ ልመለስ» አለች።

እህቷ ብዙ የምትናገር ሴት አልነበረችም። «ግጥሙን ተዪው» አለች። «ብዪ፣ ተኚ። ሥራ ካማረሽ ለውዝ ፈልፍዪ፤ ካላማረሽ ደግሞ አትፈልፍዪ።»

አልቃሿ ግን አልተወችውም። የመጀመሪያውን ሳምንት ከአገዳው ማሳ ዳር ተቀምጣ ግጥም ስታሳድድ ከረመች። «ውሃ» ብላ ትጀምራለች፤ ቤት የሚመታ ቃል ትፈልጋለች፤ ያገኘችው ሁሉ ያረጀ ነው። ስትቆጣ እንቅልፍ ይወስዳታል። ስትነቃ ተኝታ በመዋሏ ታፍራለች። «በዚህች ሰዓት ስንት ሰው እየሞተ ነው፤ እኔ ጥላ ሥር ተጋድሜያለሁ» ትላለች። ማስተዋል፣ አንቺም እንዲህ እንደሚያደርግሽ አውቃለሁ። ሥራ የለመደ ሰው ዕረፍት ሲጀምር መጀመሪያ የሚመጣበት ሰላም አይደለም፤ ክስ ነው።

በአሥረኛው ቀን አንድ ሰው ባዶ በቅሎ እየሳበ መጣ። የአንድ ሀብታም ሰው መልእክተኛ ነው፤ ያለችበትን አጠያይቆ አግኝቷታል።

«የጌታዬ እናት አረፉ» አለ። «ልጆቻቸው ከሩቅ እስኪደርሱ ቀብሩ ለነገ ማታ ተባለ። ጌታዬ ያለ አንቺ አይሆንም ብሏል። በቅሎዋ ይቻት፤ ከቀብሩ በኋላ ደግሞ አንዲት ጊደር ትነጃለሽ።»

የአልቃሿ ልብ ዘለለ። ከዚያ ውርደት በኋላ የሚፈልጋት ሰው አለ ማለት ነው። ያውም ሀብታም፤ ያውም አገር የሚሰበሰብበት ለቅሶ። እዚያ ተነሥታ ብታወርድ የዋናተኛው ነገር ይረሳል። ነጠላዋን አነሣች። እህቷ በሩ ላይ ቆማ ታያታለች። አልቃሿ የበቅሎዋን ልጓም ያዘች፤ አንድ እግሯን እርካቡ ላይ አደረገች። መንገድ ላይ እንዲቀልላት ብላ ለአሮጊቷ የሚሆን ግጥም ከአሁኑ በሆዷ ጀመረች።

የመጣላት «በሬዎቹ ቆሙ» የሚለው ነው።

እግሯን ከእርካቡ አወረደች።

«ለጌታህ ይቅርታ ጠይቅልኝ» አለችው መልእክተኛውን። «የምሰጠው ነገር የለኝም። እናቱን በደንብ የሚያውቋቸው ጎረቤቶቻቸው ያልቅሱላቸው።»

ሰውየው የምትቀልድ መሰለው። «ጊደር እኮ ነው ያልኩሽ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ጌታዬን እምቢ ያለ ሰው ዳግም አይጠራም።»

«አይጥራኝ» አለች።

መልእክተኛው በቅሎዋን አዙሮ እየተቆጣ ሄደ። እህቷ ከበሩ ላይ ሆና፣ «አሁን ገና መጣሽ» አለቻት። «ግቢ፣ ምሳ ቀርቧል።»

ከዚያ ቀን በኋላ ግጥም መፈለጉን ተወችው። ይመለስልኛል ብላ አይደለም የተወችው፤ ላይመለስም ይችላል ብላ ቆርጣ ነው። እንቅልፏ ተለወጠ። ተኝታ ስትነሣ መጀመሪያ የምታስበው ርሃቧን ሆነ። ጠዋት ጠዋት ከእህቷ ጋር ለውዝ ትፈለፍላለች፤ ሲሰለቻት ትተዋለች። ከሰዓት በኋላ ሴቶቹ ዋንዛ ሥር ሲሰበሰቡ ሄዳ ትቀመጣለች። የሁለት ቤት ሴቶች በአንዲት ዶሮ ሲጣሉ ሰማች፤ ጭቅጭቁ ሦስት ቀን ፈጀ፤ ዶሮዋ ግን የሁለቱም አልነበረችም። አንድ ጎረቤት ሽማግሌ በወጣትነታቸው ከጉማሬ ጋር ታግለው እንደጣሉት ሲያወሩ ሰማች፤ ትግሉ በየቀኑ ይረዝማል፤ ጉማሬውም በየቀኑ ይወፍራል። ሳቀች። ስትስቅ ራሷን ሰማችና ደነቃት፤ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደሳቀች አላስታወሰችም።

አንድ ቀን ሽማግሌው፣ «አንቺስ ሥራሽ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቋት።

«አሁን ሥራ የለኝም» አለች።

«ታድለሽ። እንግዲያው የጉማሬውን ነገር ከመጀመሪያው ልንገርሽ» አሏት።

ይህ ሁሉ ምን ጠቀማት ብትዪኝ፣ በዚያን ጊዜ ብትጠይቂያት እሷም አታውቀውም። ቀኑ ዝም ብሎ ያልፋል። ሰው ሲያወራ የምትሰማው ለማንም ለምንም ብላ አይደለም። ዓመታት ሙሉ ሰው ሲናገር በውስጡ የምትፈልገው ለግጥሟ የሚሆን ስም ነበር፤ የቀረውን ትጥለው ነበር። አሁን የሚጣል የላትም።

ወር ካለፈ በኋላ እሷና እህቷ ልብስ ሊያጥቡ ወደ አንድ ጅረት ወረዱ። ዝናቡ ሊያቆም የተቃረበበት ሰሞን ስለ ነበር ውሃው ጉልበት አለው። ድንጋዮቹ ያዳልጣሉ። እህቷ ቀድማ ተሻገረችና ዞር ብላ እጇን ዘረጋችላት። አልቃሿ ያዘቻት፤ ተሻገረች። በቃ ይኸው ነው። ልብሱን አጠቡ፣ ቁጥቋጦ ላይ አሰጡ፣ እስኪደርቅ አገዳ እየበሉ ተጨዋወቱ፣ ተመለሱ። ስለ ዋናተኛው ያነሣ የለም።

ከሦስት ቀን በኋላ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ጥላ ሥር ቁርበት አንጥፋ ጋደም ብላለች። አልተኛችም፤ አልነቃችምም። ዝንብ ከፊቷ እያባረረች ነው። ያን ጊዜ ሁለት ስንኝ ሙሉውን ሆኖ መጣላት። አልፈለገችውም፤ ቤት እንዲመታም አልደከመችለትም። ሰው ከውጭ ገብቶ በጆሮዋ የነገራት ያህል ነበር። ተነሥታ ተቀመጠችና በሹክሹክታ አለችው። ከዚያ አለቀሰች። ያን ሁሉ ዓመት ሌላውን ስታስለቅስ ኖራ፣ እሷ ካለቀሰች ግን ከአባቷ ሞት ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው።

እህቷ ከቤት ወጥታ፣ «ምን ሆንሽ?» አለቻት።

«መሄድ አለብኝ» አለች።

«ግጥም መጣልሽ?»

«አንድ ብቻ ነው የመጣልኝ። እሱም የኔ አይደለም፤ ባለቤት አለው።»

በማግስቱ ተነሥታ ሄደች። ወደ ቤቷ አልገባችም፤ በቀጥታ ወደ ወንዙ መሻገሪያ ነው የሄደችው። የመበለቷ ቤት ዳገቱ ላይ ነው። መበለቷ ደጅ ላይ እህል እያበጠረች ነበር። አልቃሿን ስታያት ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ደግሞ ዛሬ የማንን በሬ ይዘሽልን መጣሽ?» አለቻት።

አልቃሿ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ልክ ነሽ» አለች። «ባልሽን ሳላውቀው አለቀስኩት፤ ይቅር በዪኝ። ዛሬ ላለቅስ አልመጣሁም። ደስ ካለሽ ስለ እሱ ንገሪኝ፤ ደስ ካላለሽ እሄዳለሁ።»

መበለቷ ሰፌዱን እንደገና አነሣች። እህሉን እያበጠረች፣ ወደ አልቃሿ ሳታይ መናገር ጀመረች። ከውሃ ሲወጣ እጁ እንዴት ይቀዘቅዝ እንደነበር ነገረቻት፤ ክረምቱን ሙሉ እጁ ሞቆ አያውቅም፤ ልጆቹ ሊነካቸው ሲመጣ እየጮሁ ይሸሹት ነበር። የሚያሻግረው ሰው ሲፈራ፣ «ውሃውን አትይ፤ እኔን እይ» ይል እንደነበር ነገረቻት። ንዳዱ የያዘው ዕለትም ውጭ ሰው ተጣርቶ ሊነሣ ሲል እሷ እንዳስቀረችው ነገረቻት። «በሕይወቱ እምቢ ያለው ያን ዕለት የተጣራውን ሰው ብቻ ነው። እሱንም እኔ ነኝ እምቢ ያስባልኩት» አለችና ሰፌዱ ከእጇ ወደቀ።

አልቃሿ አልተነሣችም። ነጠላዋንም አላሸረጠችም። እዚያው እንደተቀመጠች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ፣ ለመበለቷ ብቻ አለችላት፤

«ሰው ሁሉ ሲሻገር እጁን ይዞት ኖሮ፣
ብቻውን ተጓዘ፤ ማን እሱን አሻግሮ?»

መበለቷ፣ «ድገሚው» አለች። ደገመችው። ለሦስተኛ ጊዜ ስትለው መበለቷ አብራት አለችው፤ ከዚያ እስክትጠግብ አለቀሰች። ልጆቿም ከቤት ወጥተው እናታቸውን አቅፈው አለቀሱ። ያን ቀን እዚያ ቤት ለቅሶው ተለቀሰ።

የዋናተኛው የሰማንያ ቀን ተዝካር ሲደርስ ከወንዙ ወዲህ ማዶም ወዲያ ማዶም ሕዝብ መጣ። መበለቷ እንዲህ ያለ ሰው ይመጣል ብላ አልጠበቀችም። እሷ ራሷ አልቃሿን አስጠርታ መሀል አቆመቻት። አልቃሿ ያንኑ አወጣች፤ ሕዝቡ ሲቀበላት ዳገቱ ተናወጠ። ከሕዝቡ መሀል ዋናተኛው ያላሻገረው አልነበረም። አንድ ነጋዴ እጁን ወደ ላይ አንሥቶ፣ «ይህቺን እጄን ነው የያዛት!» እያለ ሲጮህ ነበር። አንዲት እናት ልጇን አቅርባ፣ «በአራስነቱ አንገቱ ላይ አድርጎ ያሻገረልኝ ይኸው ነው» አለች። በዚያ ቀን አልቃሿ ሌላ ዘጠኝ ግጥም አወጣች። አንዱንም ከቤቷ አዘጋጅታ አልመጣችም። ከሰዎቹ አፍ እየሰማች፣ እዚያው ነው የተወለዱት።

ከዚያ በኋላ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ነገር ግን እንደ ድሮው አይደለም። ለቅሶ ቤት ስትደርስ ከሴቶቹ መሀል ትቀመጣለች፤ ካልጠገበች አትነሣም። በየዓመቱም ክረምቱ ሲወጣ ቤቷን ዘግታ አንድ ወር ትጠፋለች። ሰዎች በመጀመሪያ አጉረመረሙ። «ሞት ቀጠሮ ያከብራል እንዴ?» አሏት። እሷ በሌለችበት ወር ሰው ሲሞት ግን ዘመድ ጎረቤቱ ራሱ እየተንተባተበ ያወርዳል፤ አንዳንዱም እየተንተባተበ ጥሩ ነገር ይናገራል። አገሩ እሷ እንደፈራችው ያለ ሙሾ አልቀረም። እሷም ይህን ስትሰማ ደስ አላት እንጂ አልከፋትም። ብዙ ዘመን ኖረች። ስታረጅም አዲስ ነገር ከአፏ አልነጠፈም ይባላል።

ሀብታሙስ ብትዪኝ፣ መልእክተኛው እንደዛተውም አልጠራትም። ሁሉም ነገር አይመለስም። ያቺን ጊደር አጥታለች፤ ምናልባትም ሌላ ብዙ ነገር።

እንግዲህ ማስተዋል፣ አልቃሿ አንቺ ነሽ። ያ የምትነድፊው ጥለት ለሰው ነው የሚሆነው፤ ለአንዲት ሙሽራ፣ ልጇን ለምትድር እናት፣ ለክርስትና ልጅ። ስትጀምሪ እነዚህን ሰዎች ታዪያቸው ነበር። ከማኅበሩ በር ላይ ቆመሽ ከሸማ ገዢዎቹ ጋር ስታወሪ አይቼሻለሁ። ዛሬ የምትጠይቂው «ስንት ክንድ? ምን ቀለም? ለመቼ?» ብቻ ነው። እጅሽ በልማድ ይሠራል። እስካሁን «የማንን ነው የሰጠሽኝ?» ያለሽ ገዢ የለም፤ አንቺ ግን ከሁሉም ቀድመሽ አውቀሽዋል፤ አውቀሽው ባይሆን እኔ ጋ አትመጪም ነበር። ይህ ሐሳብሽ ስለ ሞተ አይደለም። ያ ሰዎቹን ያይ የነበረው ልብሽ ጥቂት ቀን ምንም ሳይፈለግበት መዋል ይፈልጋል።

ጨክነሽ ብትሠሪ ምን ይሆናል? ትሠሪያለሽ። ጨርሰሽ ታስረክቢያለሽ። የምታስረክቢው ግን ያው ይሆናል። መሥራትና አዲስ ነገር ማምጣት አንድ አይደሉም፤ ለመጀመሪያው ጉልበት ይበቃል።

አንድ ነገር ግን ልዋሽሽ አልፈልግም። ዐረፍሽ ማለት በአሥር ቀን አዲስ ጥለት ይዘሽ ትመለሻለሽ ማለት አይደለም። ያንን ተስፋ አድርገሽ ከሄድሽ፣ ጥላ ሥር ተቀምጠሽም ሥራ ላይ ነሽ። አልቃሿ በአሥረኛው ቀን ያገኘችው ግጥም አልነበረም፤ እግሯን ከእርካብ ማውረድ ነበር። ከባዱ እሱ ነው። የማኅበሩ ሊቀ መንበር መቆጣቱ አይቀርም፤ ትልቅ ትእዛዝም መጥቶ ሊያልፍሽ ይችላል። ሌሎቹ የማኅበሩ ልጆች ይንደፉ፤ እየተሳሳቱ ይለምዱታል። ሰነፍ ሥራውን የሚሸሽ ሰው ነው። አንቺ ሥራሽን እንድትወጂው ነው የምትሄጂው።

አገር ቤት፣ እናትሽ ጋ ሂጂ። ከጎረቤት ጋር ተጫወቺ፤ ሲሰለችሽ ተኚ። ምን አየሽ፣ ምን አገኘሽ ብዬ አልጠይቅሽም፤ አንቺም ራስሽን አትጠይቂ። አውቶቡሱ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው የሚነሣው። እርሳስና ደብተርሽን እዚህ ተዪልኝ፤ እኔ አስቀምጥልሻለሁ።